ጣውላውን የበሳው ጥይት

ውድ ኦርቪል፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ፣ ድምፅህን ስሰማ ዋናውን ጉዳይ ዘልዬ ስለ ከብቶቹና ስለ በረዶው ሳወራ እንደምውል አውቀዋለሁ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበልህ፤ ዳርል ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ልጅህ ተኩሶ ሊገድለኝ አንድ ጣት ያህል ነበር የቀረው።

ስጽፍልህ አሥር ጊዜ እነሳለሁ፣ አሥር ጊዜ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ጁን “በርበሬ እንደነካው ሰው ምን ያቅበጠብጥሃል?” ትለኛለች። እሷም ቢሆን ሙሉውን የሰማችው ገና ከትናንት ወዲያ ነው።

በሠላሳ አንድ ዓመት ወዳጅነታችን በአንድ ነገር ስንጨቃጨቅ ኖረናል። አንተ “የሜዳ ፍየል የሚታደነው በስሪያው ሰሞን ነው፤ አውራው ሴቶቹን ሲጠብቅ አብዶ፣ ቀንድ ያለው ነገር ሁሉ ጠላቱ መስሎት ራሱ ይመጣልሃል” ትላለህ። እኔ ደግሞ “አውራ በስሪያ ሰሞን ሣር ትቶ ሲሮጥ ስለሚውል ይከሳል፣ ስጋውም ይከረፋል፤ ሙቀቱ ሳይበርድ ብትጥለው ደግሞ ቤት ሳትደርስ ይበላሽብሃል። ስሪያው ይለፍና ብርዱ ይግባ” እላለሁ። ሳንባህ የዋዮሚንግን ንፋስ አልችልም ብሎህ አሪዞና ሴት ልጅህ ጋ ከሄድክ ወዲህ ግን የሚከራከረኝ ሰው አጣሁ። ዘንድሮ የማደኛ ፈቃዱ ሲወጣልኝ በአንተ መንገድ ልሂድ አልኩ። ናፍቀኸኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ሙቀቱ አልበረደም ነበር። ከዚያ ሬዲዮው ሐሙስ ወጀብና በረዶ ይገባል አለ። አንተ ሁሌ የምትለው ትዝ አለኝ፤ “ከወጀብ በፊት ያለችውን ቀን አትለፋት። እንስሳው መጪውን ስለሚያውቅ በጠራራ ፀሐይ ሲግጥ ይውላል፤ አውራውም ሴቶቹን ሲነዳ ራሱን አይጠብቅም።” ረቡዕ ማለዳ ተነስቼ ጨው ኩሬው ጋ ወዳለው ረባዳ ሄድኩ። ጋራዥህ ውስጥ ቆርጠህ የቀባኸውን፣ አውራው ባላንጣው መስሎት እንዲቀርብ የሚያታልለውን የጣውላ አውራም ይዤ ነበር።

አዎ፣ አውቃለሁ። “ይህን ነገር በቀስት አደን ወቅት ብቻ ነው የምታወጣው። ጠመንጃ ከተፈቀደ በኋላ እንዳትነካው” ብለኸኝ ነበር። እኔ ግን በዚያ ረባዳ ከእኔ በቀር ማን ይመጣል አልኩ።

አውራው ከአሥራ ሁለት ሴቶች ጋር ነበር። አንዷ ልታመልጥ ስትል ዞሮ ይመልሳታል፣ ወዲያው ሌላዋ ትወጣለች። ምስኪን! ምላሱ ወጥቶ ነበር። ጣውላውን ተክዬ ከኋላው ተንበረከክሁ። አውራው ወዲያው ጣውላውን አየው፤ ቀንዱን ዝቅ አድርጎ፣ የጀርባው ነጭ ጠጉር ቆሞ፣ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። ያኔ ሌላ አዳኝ ሰው መሆኔን እንዲያይ ሕጉ የሚያስገድደኝን ብርቱካናማ ቆብ ንፋሱ ራሴ ላይ ያወዛውዘው ጀመር። አውራው እንቅስቃሴውን አይቶ እንዳይሸሽ ብዬ አወለቅሁት። ከጉልበቴ ሥር ወሸቅሁት፣ ኦርቪል። በገዛ እጄ።

ከዚያ ጣውላው ፊቴ ላይ ፈነዳ።

ድምፁን የሰማሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ ስንጥሩ ጆሮዬን ሲሸረክተው፣ ከዚያ በግራ ክንዴና በጎኔ መካከል አንድ የሚያቃጥል ነገር ሲያልፍ ተሰማኝ። ክው ብዬ ቀረሁ። መሞቴን ወይም መኖሬን አላውቅም ነበር። “አትተኩስ! ሰው ነኝ! ሰው!” ብዬ ስጮህ የራሴ ድምፅ የማላውቀው ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

ከምዕራቡ ጉብታ አንድ ሰው ጠመንጃውን ጥሎ፣ እየወደቀ እየተነሳ ሲሮጥ አየሁ። ሲቀርብ ዳርል ነው። የአንተ ልጅ! ያችን ቀንና ያንን ረባዳ እሱም የተማረው ከአንተ ነዋ! ሁለታችንም አንተን ሰምተን ነው የመጣነው።

“አጎቴ ሆሊስ! ኧረ አጎቴ! የቱ ጋ ነው የመታሁህ? ንገረኝ፣ የቱ ጋ ነው?”

“ጆሮዬን ነው። ስንጥር ነው።”

“ደምህ እየፈሰሰ እኮ ነው!”

“ጆሮ ትንሽ ተነክቶም ብዙ ይደማል! ተወኝ!”

አልተወኝም። የጃኬቴን ቁልፍ በጥሶ ጎድን አጥንቴን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ጃኬቱ ከብብቴ ሥር ተቀዷል፤ ጣቱ በቀዳዳው አልፋ ስትወጣ አያት። ፊቱ አመድ መሰለ። ዞር ብሎ አስመለሰው።

አውራው ትንሽ አፈግፍጎ ቆሞ አየንና ወደ ሴቶቹ ተመለሰ። ማባረሩን ቀጠለ። እኛ እንዲያ ሆነን እሱ ማባረሩን ቀጠለ!

ዳርል አፉን ጠርጎ መጣና “ቆብህስ?” አለኝ። “ምንም ብርቱካናማ ነገር አላየሁም። ቀንድና ደረት ነው ያየሁት። ቆብህን አላደረግህም ነበር?”

ለምን እንዲያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ድንጋጤ ነው ልበልህ? ንዴት ነው ልበልህ? “አድርጌ ነበር። አሁን ነው የወደቀው” አልኩት።

“አድርገህ ነበር?”

“አድርጌ ነበር አልኩህ እኮ!”

እጆቹን ዘርግቶ አያቸው። “ታዲያ እኔ ምን ነክቶኝ ነው?” አለ። የጠየቀው እኔን አልነበረም።

ቤቴ አድርሶኝ በዚያው ሄዶ ለዱር እንስሳት ጠባቂው ራሱን ከሰሰ። ጠባቂው ዓርብ ዕለት በረዶውን እየጣሰ እኛ ቤት መጣ። “ቆቡ ራስህ ላይ ነበር?” ሲለኝ “አዎ” አልኩና ፈረምኩ። የመጀመሪያውን በድንጋጤ ዋሸሁ እንበል። ሁለተኛውን ግን ተረጋግቼ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የዋሸሁት።

ሰኞ ዕለት የዳርል ሚስት ሬኔ መጣች። የጆሮዬን ፋሻ አይታ ይቅርታ ስትለኝ አንገቴን ደፋሁ። ጁን “ዳርልስ እንዴት ነው?” አለቻት።

“መንዳት ትቷል” አለች ሬኔ። “ልጆቹን ትምህርት ቤት የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ‘ብርቱካናማ ቆብ ያላየ ዓይን መንገድ የምታቋርጥ ልጅ እንዴት ያያል?’ ይለኛል። ትናንት ጓዳ ብገባ፣ አንድ ብርቱካናማ ጨርቅ መስኮት ላይ ሰቅሎ፣ አንድ ዓይኑን እየሸፈነ ያያል። ራሱን ይፈትናል፣ አጎቴ።”

ሆኖም ያን ቀንም አልተናገርኩም። እሷ ፊት አፈርኩ።

በነጋታው ማክሰኞ ሄድኩ። ዳርል በሰሜኑ አጥር ላይ ነበር፤ የሜዳ ፍየሎቹ ሾልከው እንዲያልፉ የታችኛውን ሽቦ ከፍ ያደርጋል። ሰላም ሳልለው አወጣሁት፤ “ቆቡ ራሴ ላይ አልነበረም። አውልቄ ጉልበቴ ሥር ነበር የደበቅሁት። ዋሸሁህ።”

ጉጠቱን እንደያዘ ቀጥ አለ።

“ስድስት ቀን” አለ።

“ስድስት ቀን።”

“ስድስት ቀን ሙሉ አብጃለሁ ብዬ ነበር እኮ፣ አጎቴ! ዓይኔ ጠፋ ብዬ! ልጆቼን ማቀፍ ፈርቼ!”

“አውቃለሁ።”

“አታውቅም!” ብሎ ጮኸብኝ። በሕይወቱ ጮኾብኝ አያውቅም። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ በወደድኩ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። “የተኮስኩት እኔ ነኝ። እሱ የእኔ ነው፣ አልክደውም። ሳላጣራ ተኩሻለሁ። ግን የአንተን ድርሻ አሸክመኸኝ ሄድክ።”

“ይቅር በለኝ።”

“ዛሬ አልችልም። ሂድልኝ።”

ሄድኩ። ከዚያው በቀጥታ ወደ ጠባቂው ቢሮ ነዳሁ፤ ቃሌን አስለውጬ በአዲስ ፈረምኩ። ዳርልም እኔም እንቀጣለን፣ የእኔ ፈቃድ ለዓመታት ይታገድ ይሆናል። ይታገድ። ማታ ለጁን ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳህኗን ይዛ ወደ ሌላኛው ክፍል ሄደች፣ ብቻዬን በላሁ።

ኦርቪል፣ ይህን የምጽፍልህ እንድትታረቀኝ ወይም እንድታስታርቀኝ አይደለም። ዳርል ለአንተ አይነግርህም፤ አባቱ ያስተማረውን ያበላሸ ስለሚመስለው ያፍራል። ስለዚህ ደውልለት። እኔን አታንሳ፤ ይቅርታም አትለምንልኝ፣ እሱ የእኔ ሥራ ነው። ዝም ብለህ ድምፅህን አሰማው። አንተ ራስህ በዚያ ሰሞን፣ በዚያ ሜዳ፣ ተኩሰህ የተጸጸትክባት ቀን እንዳለች አውቃለሁ። ካስቻለህ እሷን ንገረው።

ዛሬ ሐሙስ ጠዋት በር ላይ ቆሜ በረዶ ስጠርግ የዳርል ፒካፕ በእኛ መንገድ መጣ። ሬኔ ትሆናለች ብዬ ነበር። መሪውን የያዘው እሱ ነው። ሁለቱ ልጆች ከጎኑ ተቀምጠዋል፣ ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ። እጄን ማንሳት አልደፈርኩም። እሱም አላየኝም፣ ወይም ላያየኝ ፈልጓል። ቀስ እያለ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ መታጠፊያ ነዳ።

እስኪታጠፍ ድረስ አካፋዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

በልጅህ ላይ የበደለ፣ አሁንም ወዳጅህ ልሁን የሚል፣
ሆሊስ