የስፌት መኪናዋ ከጓሮ ወጣች

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ከሰላምታም አስቀድሜ ልጻፈው፤ አለበለዚያ ልቤ ይከዳኛል። ያቺን የስፌት መኪና የጣልኳት እኔ ነኝ። አንቺ አልሸጥሻትም፤ ሌባም አልወሰዳት። በጆንያ ጠቅልዬ፣ አመድ ደፍቼባት፣ ከቆሻሻ ጋር ያስወጣኋት እኔ ታላቅ እህትሽ ነኝ።

አሁን ሰላም ልበልሽ። እህት ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ይይዝሽ የነበረው ተሻለሽ ወይ? ባልሽስ፣ ከሥራ ሲገባ እግሩ ያብጣል ያልሽኝ፣ እንዴት ሆነ? ልጆቹስ? ትልቋ አሁንም በአንቺ ጫማ እየገባች ታስቸግርሻለች? እኔና ልጄ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነን። ደኅና ነን ልበል እንጂ ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ፊደሌ ቢጣመም በእርጅናዬ አትፍረጂ።

ነገሩ የመጣው ከጓሮ ነው። የቆርቆሮዋን ክፍል ታስታውሻለሽ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቧንቧ ሠርቶ ከሚመለስበት ቤት ሁሉ አንድ ነገር ሳያንጠለጥል አይገባም ነበር፤ ክዳን የሌለው ማንቆርቆሪያ፣ እግሩ የወለቀ ወንበር፣ የተቀደደ ሳፋ። “ቀን ያወጣዋል” ይላል። እኔ ግን ቀን እስኪያወጣው አልጠብቅም። ሥራ ሲወጣ ጠብቄ ጥቂት ጥቂቱን ለባለጋሪው አሳልፌ እሰጣለሁ። አንድ ቀን እንኳ “የት ደረሰ?” ብሎኝ አያውቅም። ኮተቱ በዝቶበት አያስተውልም እያልኩ በሆዴ እስቅበት ነበር።

ከሞተ ወዲህ ያንን በር መክፈት አልሆነልኝም። ዘንድሮ ግን አይጥ ገባበት፣ ዝናቡም እዚያው እየታቆረ የጎረቤታችንን ግድግዳ ማራስ ጀመረ። ልጄም “እማዬ፣ ወይ ኮተቱ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ” አለችኝ። ጓሮ የሚያጸዳና ቆሻሻ የሚያነሳ ሰው ስናፈላልግ ያው የድሮው ባለጋሪ ከነሚስቱ መጣ። አንቺ “አፉን የተበደረው” እያልሽ የምትስቂበት ሰውዬ። ሸብቷል፤ ዝምታው ግን አልሸበተም። ሚስቱ የእሱንም ድርሻ ጨምራ ትናገራለች። ገና በሩን ስከፍትላት “እትዬ፣ ይሄ ጓሮ ነው የዕቃ መቃብር?” አለችኝ።

ደንብ አላቸው። ምንም ነገር ባለቤቱ ሳያየው ጋሪ ላይ አይወጣም። ሴትዮዋ አንድ በአንድ ከፍ አድርጋ ታሳይሻለች፤ “ይጣል” ካልሽ ይጣላል፣ ዝም ካልሽ ወደ ጎን ይቀመጣል። እኔም ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጬ “ይጣል፣ ይጣል” እያልኩ ቀጠልኩ። ወደ ውስጥ እየገፉ ሲሄዱ አንድ ሳፋ አነሳች። አየሁት። ታቹ ላይ ባለቤቴ በቆርቆሮ የለጠፈበት ቁራጭ አለ። ይህንን ሳፋ እኮ ድሮ ጥዬዋለሁ! ተመሳሳይ ነው አልኩ። ቀጥሎ ሰማያዊው ወንበር መጣ፤ ልጄ በሚስማር የጫረችው ሥዕል ሳይቀር አለበት። እሱንም ጥዬዋለሁ። ከዚያ ማንቆርቆሪያው፣ ከዚያ የተሰነጠቀው መስታወት። እህቴ ሙች፣ አእምሮዬ የተነካ መሰለኝ። በዕድሜዬ ሙሉ የጣልኩት ሁሉ ተሰልፎ ሊጠይቀኝ የመጣ ይመስል ነበር።

ያን ጊዜ ባለጋሪው ራሱ ገባና በላስቲክ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አቅፎ ወጣ። እግሬ አጠገብ አስቀመጠው እንጂ ከፍ አላደረገውም። “ይቺን እንኳ ምን ብዬ እጠይቅዎታለሁ” አለና አቀረቀረ። ላስቲኩን ስገልጠው መኪናዋ ናት።

ብርቅ ሆኖ ሰውዬው ተናገረ። ባለቤቴ ሁልጊዜ የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ይጠብቀው ነበር አሉ። እኔ ያስወጣሁትን ከጋሪው ላይ አውርዶ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት በጓሮ በር መልሶ ያስገባ ነበር። ሚስትየዋ ይህን ስትሰማ ወገቧን ይዛ “አንተ ሰውዬ! ለመውሰድ ከሚስት፣ ለመመለስ ከባል ገንዘብ ስትቀበል ኖረሃላ!” ብላ ጮኸችበት። ልጄ ሳቀች። እኔም ልስቅ ነበር፤ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ።

ያን ቀን ታስታውሻለሽ፤ እንዴት ትረሺዋለሽ! የባለቤቴ እህት የእናቷን መኪና ልትወስድ መጥታ ስታጣት፣ በዘመድ ፊት “ስፌት እማራለሁ የምትለዋ ናት የሸጠቻት፤ ይሄ አዲስ ጫማ ከየት መጣ?” አለችሽ። አንቺ ወደ እኔ ዞረሽ አየሽኝ። እኔ ልብስ እያጠፍኩ ነበር፤ ቀና አላልኩም። መኪናዋን የጣልኳት ደግሞ ለሌላ አልነበረም፤ በጠባቧ ቤታችን ባለፍኩ ቁጥር ጉልበቴን ትመታኝ ስለነበር ነው። አንቺ በዚያው ሳምንት ሻንጣሽን ይዘሽ ከቤታችን ወጣሽ።

ባለጋሪውን “ያቺ ልጅስ? በእሷ ሲፈረድ ባለቤቴ ያውቅ ነበር?” አልኩት። ያውቅ ነበር። መኪናዋ ያኔ ከአመዱ ወጥታ ጓሮ ገብታ ነበር። ሰውዬው “ጋሼ፣ ለምን አይናገሩም?” ቢለው፣ “ልጅቷ ወጣት ናት፣ ትረሳዋለች፤ ሚስቴ ግን በእህቴ ፊት ከተዋረደች ቀና አትልም” አለው።

ትረሳዋለች! እህቴ ሆይ፣ ሙት አይወቀስም ይባላል፤ እኔ ግን እዚያው ጓሮ ቆሜ ወቀስኩት። ለእኔ ያደረገው ምሕረት ከአንቺ ላይ የተቆረሰ ነው። ሁለታችንም አንዱን ሐሰት ከሁለት ጫፍ ይዘን፣ አንዳችን ሌላውን እያታለልን፣ በአንድ አልጋ ተኝተን ኖርን። አንቺ ደግሞ ይኸው ስንት ዓመት፣ ለልጆችሽ ቀሚስ ስትገዢ “እኔ መርፌ አልይዝም” እያልሽ ትጽፊልኛለሽ። እኔም አነበዋለሁ። ፊደል ከማወቄ በፊት ይህን በሰው እጅ ማስጻፍ አፍር ነበር። በኋላ ግን ባለቤቴ ካከማቸው አሮጌ ጋዜጣ ላይ ፊደል ለቅሜ ራሴ መጻፍ ቻልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ዝምታዬ ምክንያት የለውም።

መኪናዋ ዘይት ተቀብታለች፤ የተሰበረው መዘውሯም ተጠግኗል። ሴትዮዋ ብታሽከረክራት ኪርር ብላ ሄደች። “እትዬ፣ ይሄኛውስ? ይጣላል?” አለችኝ። “ከእንግዲህ ባለቤቷ እህቴ ናት፤ ሩቅ ናትና አላየቻትም” አልኳት። ደንባቸው ነውና ወደ ጎን አስቀመጡልኝ። ላኪልኝ ካልሽ እልካለሁ። መጥተሽ ልትወስጃት ብትወጂ በሩ ክፍት ነው። ይጣል ካልሽም ባለጋሪው አለ፤ አሁን መታጠፊያው ላይ የሚጠብቀው ሰው የለም።

ባልሽን በክብር ሰላም በይልኝ፤ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይንከር። ትልቋን ሳሚልኝ፤ ትንሹንም እንደዚሁ፣ ከእንቅልፉ ሳትቀሰቅሺው። ልጄ እጅ ነስታለች፤ ለአክስቷ ዛሬ ነው ያዘነችላት፣ እኔን ግን ገና አላናገረችኝም።

ከተጠረገው ጓሮ፣ በርጩማዬ ላይ ሆኜ፣ እሑድ ጠዋት፣ ዝናቡ ሊያባራ ሲል።

ይህን በሁለት ጽፌዋለሁ። አንዱ ለአንቺ ነው። ሁለተኛውን፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ፣ ያን ቀን በነበሩት ሰዎች ፊት ጮክ ብላ እንድታነበው ለባለቤቴ እህት ዛሬውኑ አደርስላታለሁ።