ሁላችንም እጅ ያወጣን ቀን

ኅዳር 4

ስምንተኛ ክፍልን መድገም ጥቅም አለው። የአስተማሪዎቹን ቀልድ ከሁሉም ቀድሜ እስቃለሁ። ዛሬ ቲቸር ጠመኔ (የክፍላችን ኃላፊ፣ የሒሳብ አስተማሪ፣ አፍንጫው ላይ ጠመኔ የማይጠፋ) ቀልዱን ሳይጨርስ ሳቅኩ።

"አንቺ፣ ገና አልተናገርኩም እኮ!"

"አምና ነግረውኛል ቲቸር።"

ውጭ ቁሚ ተባልኩ። ኮሪደሩ ከክፍሉ ይሞቃል፣ አልተጎዳሁም።

አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ግን አልሳቀችም። ጭጭ የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ከመጣች ጀምሮ ከአፏ የሰማሁት "አቤት" ብቻ። ወደ ቤት ስንሄድም ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ ትቆማለች። እኔ ከዓይኗ ካልጠፋሁ አትንቀሳቀስም። ቤቷ ውስጥ ምን ደብቃ ይሆን? አንበሳ?

ኅዳር 11

ከትምህርት ቢሮ አንዲት ሴትዮ መጣች። መነጽሯ በሰንሰለት አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ስትጽፍ ታደርገዋለች፣ እኛን ስታይ ታወልቀዋለች። ለኛ አይን አያስፈልግም ማለት ነው?

ሥራዋ የተማሪን ውጤትና የቤት ኑሮውን ማስተያየት ነው አሉ። ትጠይቃለች፣ እጅ እናወጣለን፣ ትቆጥራለች። ቲቸር ጠመኔ ስልክ ሊያወራ ወጥቶ ነበር።

"ቤቱ ማጥኛ ጠረጴዛ የሌለው?"

ማንም እጅ አላወጣም። ጭጭን አየኋት፤ እጇን ከዴስኩ ሥር ጨብጣለች። ልታወጣ ትልና ትመልሳለች... ምን እንደነካኝ እንጃ። እጄን አወጣሁ። ዞር ብዬ ከኋላ ያሉትን ጠቀስኳቸው። ገባቸው። ክፍሉ እጅ ብቻ ሆነ። ያኔ ጭጭም አወጣች።

"በአንድ ክፍል ውስጥ ከአምስት ሰው በላይ ሆኖ የሚኖር?" ሁላችንም። "ከትምህርት በኋላ እየሠራ ቤተሰቡን የሚረዳ?" ሁላችንም። "ወላጆቹ ማንበብ የማይችሉ?" የፋርማሲስቱ ልጅ ሁለት እጁን አወጣ! አባቱ እኮ የሐኪም ጽሕፈት እንኳ የሚያነብ ሰው ነው።

ሴትዮዋ እንባዋ ቅርር አለ። ትንሽ ደነገጥኩ። ትንሽ።

ኅዳር 26

ጉድ ፈላ! ዳይሬክተሩ ሰልፍ ላይ ውጤቱን አነበበ። ስምንተኛ "ሀ" ኑሮው ደህና፣ ውጤቱ ዝቅ ያለ። ስምንተኛ "ለ" ማለትም እኛ፣ ኑሯችን እጅግ አስቸጋሪ፣ ውጤታችን ከ"ሀ" የተሻለ። "ከዚህ ሁሉ ችግር ጋር!" አለ፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ለቲቸር ጠመኔ ተጨበጨበለት። እሱም ግራ እንደገባው አብሮ አጨበጨበ።

ሽልማታችን? አሮጌው ዕቃ ቤት ተጠርጎ ጠረጴዛና መብራት ሊገባለት ነው። ከትምህርት በኋላ እስኪመሽ ለ"ለ" ክፍል ክፍት። ቅዳሜ ደግሞ ማጠናከሪያ። ቅዳሜ!!

የፋርማሲስቱ ልጅ "አንቺን ነበር አንቆ መግደል" አለኝ።

"አይዞህ። ችግሩን ትለምደዋለህ።"

ታኅሣሥ 19

ጭጭ ከማጥኛው ክፍል አትወጣም። ዘበኛው ቁልፉን እያንቃጨለ "ኧረ ልጄ፣ ፍራሽ ላምጣልሽ?" ይላታል።

ዛሬ አብሬያት ቆየሁ። (ላሾፍባት ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።) "ቤት የለሽም እንዴ?" ብላት መለሰችልኝ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር! ዘንድሮ ከወደቀች እናቷ ልብስ ስፌት ልታስገባት ነው። ስፌት ቤት ካላት አክስቷ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል።

"ቤት ላጥና ስል መንትያ ወንድሞቼ እርሳሴን ይበሉታል" አለች።

"ጠግበው ያውቃሉ?"

ሳቀች። በአፍንጫዋ ብቻ... ግን ሳቀች።

ጥር 6

አለቀልን። ባለመነጽሯ ሴትዮ ተመልሳ ልትመጣ ነው። ያንዱን ተማሪ ቤት በዓይኗ ማየት ፈልጋለች። የማንን? የፋርማሲስቱን ልጅ! "ሁለት እጁን ያወጣው ልጅ ከሐሳቤ አልወጣም" ብላለች አሉ።

ልጁ ከንፈሩ ደርቋል። "ቤታችን ፎቅ ነው! ምን ልሁን?"

"ፎቁን ደብቀው።"

ማንም አልሳቀም። እኔም። ውሸቱ ከታወቀ ማጥኛው ይዘጋል። ማጥኛው ከተዘጋ ጭጭ ስፌት ቤት ናት። ልናገር? ዝም ልበል? ቀልድ እንዲህ ክብደት እንዳለው ማን ነገረኝ...

ጥር 8

መጣች። ልጁን ላብ አጠመቀው። ልነሳ ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ወንበር ተንቋቋ። የኔ አይደለም። ጭጭ ቆማለች።

"እትዬ፣ እኛ ቤት ይምጡ። የሌሎቹ ቀልድ ነው። የኔ እውነት ነው።"

ቲቸር ጠመኔ ጠመኔውን ጣለ።

ሴትዮዋ አልጮኸችም። "ምሪኝ" ብቻ አለቻት። ከኋላቸው ተከተልኩ። ዳቦ ቤቱ ጋ እንደልማዴ ልለያት ስል ጭጭ ዞራ "ነይ እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ?" አለችኝ።

አንድ ክፍል። አንድ አልጋ። ጭጭ የምትጽፈው ባልዲ ላይ በተጋደመ ጣውላ ነው። እናቷ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች "ይቀመጡ፣ ይቀመጡ" ትላለች፤ የት? ሴትዮዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መንትዮቹ ወዲያው መነጽሯን ያዙት። አንደኛው ቀመሰው።

ስንወጣ ሴትዮዋ ያዘችኝ። "መጀመሪያ እጅ ያወጣሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ቆጠራዬን አፈር ድሜ አበላሽው።"

"አዎ።" (ሌላ ምን ይባላል?)

ትንሽ ሄደች። "ልጅን በጓደኞቹ ፊት 'ድሃ የሆንክ እጅ አውጣ' ያልኩት ግን እኔ ነኝ" አለች። ለኔ ይሁን ለራሷ እንጃ።

ጥር 20

እንደገና ተጠየቅን። አሁን ግን እያንዳንዳችን በወረቀት፣ ስም የለ፣ እጅ የለ። የፋርማሲስቱ ልጅ "ፎቅ አለን" ብሎ ጽፎ ተገላገለ። ማጥኛውም አልተዘጋም፤ "በየክፍሉ አፍሮ እጅ ያላወጣ ስንት አለ?" ብላ ሴትዮዋ ለትምህርት ቤቱ በሙሉ አስከፈተችው። የቅዳሜውም አልቀረም። እኔ ደግሞ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የማጥኛውን ወለል እንድጠርግ ተፈረደብኝ። "ሀ" ክፍሎች ወረቀት ሲጥሉ ለክፋት ነው።

ሰኔ 27

ጭጭ አለፈች። ሒሳብ 64! እናቷ በር ላይ ቆማ ለአክስትየዋ በስልክ "አትመጣም። ትማራለች አልኩሽ እኮ!" ስትል መንገዱ ሁሉ ሰማ።

እኔ? ሒሳብ 47። በድጋሚ ፈተና ካላለፍኩ ስምንተኛን ለሦስተኛ ጊዜ ልማረው ነው። ጭጭ ዛሬ ማጥኛው ክፍል አስቀምጣ አሠራችኝ። ወረቀቴን አገላብጣ አየችው።

"ይኼ መልስ ነው ወይስ ሥዕል?"

ብላ ሳቀች። በአፏ፣ ጣሪያው እስኪሰማ። ዘበኛው ሮጦ ገባ፤ ቀጥታ እኔን ነው ያየው።

"አንቺ! ሰው ያጠናል እኮ!"

"እኔ አይደለሁም" አልኩት። አልነበርኩማ። ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ነበርኩ።