ቀለበቱ ታሰረ፦ የዶክተር አስካለማርያም ዘውገ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር አስካለማርያም ዘውገ ከአባታቸው ከአቶ ዘውገ አበጋዝ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻሽወርቅ ደምሴ ኅዳር 21 ቀን 1923 ዓ.ም. በሞጆ ከተማ ተወለዱ። ዕለቱ ኅዳር ጽዮን ስለነበረ ስማቸው ያለ ክርክር ወጣ። እዚህ የተጻፈው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

አባታቸው የሞጆ ቴሌግራፍ ቢሮ ሹም ነበሩ። ልጆቻቸውን ከፊደል ጋር ያስተማሩት የሙያቸውን ሕግ ነው፤ ሁለት ቃል የሚበቃውን ነገር በሦስት ቃል መናገር በቤታቸው ነውር ነበር።

ዶክተር አስካለማርያም በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በ1947 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በኬሚስትሪ ተመረቁ። ከዚያም ስምንት ዓመት ሴት ተማሪዎችን አስተማሩ። ተማሪዎቻቸው በስውር "እትዬ ብልቃጥ" ይሏቸው ነበር። እርሳቸውም ያውቁ ነበር፤ ስሙንም ወደውት ነበር።

በ1955 ዓ.ም. ለዶክትሬት የትምህርት ዕድል አግኝተው ባሕር ማዶ ተሻገሩና ኦክላንድ ገቡ። አባታቸው የፈቀዱት ለሁለት ዓመት ብቻ ነበር። የያዙት ሥራ ግን በሁለት ዓመት የሚያልቅ አልነበረም።

ሥራው እንዲህ ነው። በጉበታችን ውስጥ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። በሰውነታችን የሚፈጠረውን ፐሮክሳይድ የተባለ ጎጂ ፈሳሽ ወደ ውሃና ወደ ኦክሲጅን ይለውጥልናል። በኢንዛይሙ እምብርት አንዲት የብረት አቶም አለች፤ ዙሪያዋንም አራት ናይትሮጂኖች ያሉበት ቀለበት ይይዛታል። ዶክተር አስካለማርያም ያሰቡት ያንን ቀለበት አሳንሰውና አቅልለው፣ ከጉበት ሳይሆን ከብልቃጥ፣ በገዛ እጃቸው ለመሥራት ነበር። የቀለበቱ ቁርጥራጮች ለብቻቸው ሲተዉ እርስ በርስ ይተበተባሉ እንጂ አይገጥሙም። ብረቱ አስቀድሞ መሐል ሲቀመጥ ግን ይከቡትና ይያያዛሉ።

ይህንን ሁሉ ለአባታቸው በረጅም ደብዳቤ አብራርተው ላኩ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ቀለበቱ ገጠመ። በደስታ ወደ ሞጆ ቴሌግራም መቱ፤ እንደ ቤቱ ሕግም ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ "ቀለበቱ ታሰረ።"

ደብዳቤው ገና መንገድ ላይ ነበር።

የሠላሳ አራት ዓመት ልጃቸው ታጨች ብለው አቶ ዘውገ ሁለት በግ አረዱ። ሰፈሩ በላ፣ ጠጣ፣ ዘፈነ። ደብዳቤው የደረሰው በማግስቱ ነው። አቶ ዘውገ እስከ መጨረሻው አነበቡና ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

"የሻሽ፣ ሙሽራው ብረት ነው።"

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ጥቂት አሰቡ። "ቤተሰቡስ ጨዋ ነው?" አሉ።

ይህ ቀልድ በቤተሰቡ ዘንድ እስከ ዛሬ ይነገራል። ያኔ ግን ሁሉም አልሳቀም። ጎረቤት በየቀኑ የሙሽራውን ስም ይጠይቅ ነበር። አቶ ዘውገም "እስከ መስከረም ተመለሺ፤ ለሰው የምመልሰው አልቆብኛል" ብለው ጻፉ። ቀለበቱ ቢገጥምም የኢንዛይሙን ሥራ ሲሠራ ገና አልታየም ነበር። ያ ሳይታይ መመለስ ማለት ዲግሪውንም የሦስት ዓመቱንም ድካም ጥሎ መመለስ ነበር።

አባት ሌላም ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ሳን ሆዜ ምህንድስና ይማሩ ለነበሩት ለቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ልጅ፣ ለአቶ እንዳልካቸው ኃይሉ፣ "ሂድና የብረቱን ነገር በዓይንህ አይተህ ጻፍልኝ" የሚል። አቶ እንዳልካቸው በሰኔ ወር አንድ ቅዳሜ በአውቶቡስ መጥተው የላቦራቶሪውን በር አንኳኩ፤ መዋሸት ስለማይሆንላቸውም እደጃፉ ላይ እንደቆሙ ተናዘዙ።

"የመጣሁት እርስዎን ልሰልል ነው።"

"ይግቡ። ሰላይም ቢሆን ግን መነጽር ያደርጋል" ብለው የላቦራቶሪ መነጽር ሰጧቸው።

አምስት ቅዳሜ ተመላለሱ። ቀለበቱ ያለበት ቡናማ ዱቄት ፐሮክሳይዱ ውስጥ ይጨመራል፤ ዝም። በአምስተኛው ቅዳሜ አቶ እንዳልካቸው ለአባት የሚጽፉት ቢያጡ፣ ነገሩን በአማርኛ እንዲያስረዷቸው ለመኗቸው። ዶክተር አስካለማርያም ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ያስቡት የነበረውን በአማርኛ ጀመሩት። "ብረቱ ባለቤት ነው። ፐሮክሳይዱ እንግዳ ነው። እንግዳው መጥቶ ከብረቱ አጠገብ መቀመጥ አለበት። ግን ዱቄቱን ያጠብሁበት ፈሳሽ ከላይም ከታችም ተጎልቶ..." ብለው አቆሙ። "ለካ መቀመጫ የለውም! እንግዳውን ጠርቼ መቀመጫ ነሥቼዋለሁ!" አሉ። ያን ዕለት እንግዳቸውን ሻይ እንኳ ሳያቀርቡ አሰናበቱ።

ሳምንቱን ሙሉ ያንን ፈሳሽ ከዱቄቱ ሲያስወጡ ሰነበቱ። በስድስተኛው ቅዳሜ ጥቂት ዱቄት ጣል ሲያደርጉበት ፐሮክሳይዱ አረፋ አውጥቶ ገነፈለና የአቶ እንዳልካቸውን ጫማ አራሰ። ሁለቱም እንደ ልጅ ጮኹ። የዚያ ሳምንት ደብዳቤ በቤተሰቡ እጅ ይገኛል፦ "አባባ፣ እሳት የለውም፤ ግን ይፈላል። ልጅዎ የነገሩዎት ሁሉ እውነት ነው። እባክዎ ጊዜ ይስጧቸው።" የአቶ ዘውገ መልስ በቴሌግራም መጣ፤ አንድ ቃል ነበር። "ትቆይ።"

የስለላው ሥራ በዚህ አበቃ፤ አቶ እንዳልካቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣታቸውን አልተዉም። በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ሞጆ "ቀለበት ታሰረ" የሚል ቴሌግራም ተላከ። አቶ ዘውገ ግን በግ ከማሳረዳቸው በፊት ጠየቁ፦ "የብረት? የሰው?" የሰው መሆኑ ሲረጋገጥ፣ ጥር 22 ቀን ጋብቻው ኦክላንድ ውስጥ ተፈጸመ።

ዶክተር አስካለማርያም በ1959 ዓ.ም. የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ ወደ ሳን ሆዜም ተዛውረው በአንድ ኮሌጅ ስምንት ዓመት አስተማሩ። በ1960 ዓ.ም. ልጃቸው ውብዳር ተወለደች። በየልደቷ ጓደኞቿን ሰብስበው በጥሬ ጉበት ላይ ፐሮክሳይድ ሲያፈሱ ሕፃናቱ ይደገም ለማለት "አጌን! አጌን!" እያሉ ይዘሉ ነበር። ከጉበቱ አጠገብ የራሳቸውን ዱቄት በሌላ ብርጭቆ ያሳዩ ነበር። የእርሳቸው ከጉበቱ እጅግ ይዘገያል። "እግዜር የሠራው ይሮጣል፤ የእኔው ይድሃል። መንገዱን ግን አውቆታል" ይሉ ነበር፤ ሲናገሩትም ፊታቸው ይበራ ነበር።

በጥቅምት 1967 ዓ.ም. የደም ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሕክምናቸውን እየተከታተሉ እስከ ሚያዝያ አስተማሩ። የመጨረሻ ጽሑፋቸውን አርመው ለኅትመት ከላኩ በኋላ፣ ሰኔ 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ አራት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ።

ዘመድ ወዳጅ አስከሬናቸው ወደ አገር ይሂድ ወይስ እዚሁ ይረፍ በሚለው ተጨነቀ። አቶ እንዳልካቸው ወደ ሞጆ ደውለው ውሳኔውን ለአባት ተዉላቸው። አቶ ዘውገ እንዲህ አሉ፦ "አንድ ጊዜ ሥራዋን ሳትጨርስ ጠርቻት ልሳሳት ነበር። አሁን አልጠራትም። በሥራዋ ቦታ ትረፍ። እኔ እመጣለሁ።" በሰማንያ ዓመታቸው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፍረው፣ ይኸው ዛሬ ከፊታችን ተቀምጠዋል።

ዶክተር አስካለማርያም ባለቤታቸውን አቶ እንዳልካቸው ኃይሉን፣ ልጃቸውን ውብዳርን፣ አባታቸውን፣ እናታቸውን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውን እና በሁለት አገር ያስተማሯቸውን ብዙ ተማሪዎች ትተው አልፈዋል።

የረቀቀውን ሁሉ የፈጠረ አምላክ፣ ሥራውን በትጋትና በደስታ ሲመረምሩ የኖሩትን የአስካለማርያምን ነፍስ በመንግሥቱ ይቀበልልን። ለአባትና ለእናት፣ ለባልና ለልጅም መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን።