ቅሬታ የለኝም

የካቲት 4
ከንቲንዳ ሰፈር እስከ ዩኒቨርሲቲው ቢሮዬ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። የመኪና ጃም። ስደርስ ጠረጴዛዬ ላይ ወፍራም ፋይል ተቀምጧል። ዩኒቨርሲቲዎች አካል ጉዳተኛ ተማሪ እንዳያገሉ ስለሚያዘው ሕግ ነው። ግንቦት ላይ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ አሉ። አለቃዬ፣ ሬጅስትራሩ፣ «ሰናይት፣ ይሄ ያንቺ ነው» ብሎኝ ሄደ። የኔ? በጀት የለኝ፣ ሥልጣን የለኝ... ያለኝ ማህተም ብቻ።

የካቲት 9
መዝገባችን ላይ ያለችው አካል ጉዳተኛ አንዲት ናት። ሄቨን። ኪሱጉ ሰፈር ምግብ ቤት ያላት የወርቅውሃ ልጅ። ከልጅነቷ በክራንች ነው የምትሄደው። የምትማርበት ላብራቶሪ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ሁልጊዜ አርፍዳ፣ በላብ ተጠምቃ ነው የምትገባው።
ፋይሉ ውስጥ ያለውን፣ ተማሪዋ ችግሯን የምትሞላበትን ቅጽ ስሰጣት «እትዬ ሰናይት፣ እውነቱን ልጻፈው?» አለችኝ።
ስኮላርሺፕ የሰጧት የዩኒቨርሲቲው አለቆች ናቸው። የምንኖረውም በሰው አገር ነው። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል እንዴ? ይሉኝታም አለ... «ቅሬታ የለኝም በይ፣ እኔ በጎን እነግርልሻለሁ» አልኳት። እንዳልኳት ጻፈች።

የካቲት 21
በጎን ነገርኩ። ምድር ቤት አሮጌ ወንበር የታጨቀበት ክፍል አለ፣ ላብራቶሪውን እዚያ እናውርደው አልኩ። ሬጅስትራሩ ፋይሉን ገልጦ ቅጿን አወጣ። «ራሷ ቅሬታ የለኝም ብላለች እኮ።»
እኔ ነኝ ያስጻፍኳት ማለት አቃተኝ። ምን ነበር ብናገር? ፈሪ።

መጋቢት 8
ራምፕ ተሠራ፣ በደረጃ ፋንታ ተዳፋት መውጫ። ያምራል፣ ፎቶም ተነሳ። የሚያወጣው ግን ወደ አለቆቹ ቢሮ ነው። ቦዳ ነጂዎቹ ከወዲሁ የሞተር ታክሲያቸውን እያቆሙበት ነው።

መጋቢት 13
ዝናብ። ደረጃው ረጥቦ ሄቨን ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተንሸራታ ወደቀች። እጇ ተሰበረ። ክራንቿ ተንከባሎ እኔ ቢሮ በር ላይ ቆመ። ወንዶች ተማሪዎች ተሸክመው አወረዷት። አላለቀሰችም፤ በደህናው እጇ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ትጎትታለች። «ሰው እንዳያየኝ» አለችኝ።

መጋቢት 14
ዛሬ ተናገርኩ። እኔ ነኝ ያስጻፍኳት፣ ቅጹን እንቀይረው አልኩ። ሬጅስትራሩ ክፉ ሰው አይደለም፣ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ «ቅጿ ተልኳል፣ ሰናይት» አለ። እጇ እስኪድን ሰሚስተሩን ብታቋርጥ ይሻላል አለ። ምድር ቤቱስ? ለሚቀጥለው ዓመት ይታያል።

መጋቢት 24
ኪሱጉ ሄድኩ። ሄቨን ከክፍሏ አልወጣችም። እናቷ ምግብ አቀረበችልኝ፣ ጭራሽ «ብይ» ትለኛለች። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ለኛው አስበሽ ነው» አለች።
ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ።

ሚያዝያ 6
የሄቨን ወረቀት መጣ። ማቋረጥ አይደለም፣ መልቀቂያ ነው። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የግል ጉዳይ» ብላ ጽፋለች። አሁንም ማንንም ላለማስቀየም... ከኔ ነው የተማረችው። ማህተም መታሁ።
ከሰዓት ለተቆጣጣሪዎቹ የሚሄደውን የመጨረሻ ቅጽ ከፈትኩ። ሃያ ሁለት ገጽ ነው፣ ሳምንት ይፈጅብኛል ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ስንት አካል ጉዳተኛ ተማሪ አላችሁ? ጣቴ ቆመ። ትናንት ቢሆን አንድ ነበር።
ዜሮ።
«ዜሮ ከሆነ ወደ መጨረሻው ገጽ ይለፉ» ይላል። አለፍኩ። ፈርሜ ላክሁት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።