ቡሬ ላይ እግርህ አልከዳህም

ለይበልጣል፣ ለጌታዬ፤

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። አርባህንም ሰማንያህንም አውጥተናል። ዘመድ ወደየቤቱ ተበተነ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ እኔም አሁን ገና ካንተ ጋር ብቻዬን ለመሆን በቃሁ። ደብዳቤ መጻፍ እንደማልወድ ታውቃለህ። ግን ሆዴን ሲበላኝ የኖረ ነገር አለ፤ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ቤቱ ደህና ነው። ባጃጇን ወንድምህ ይነዳታል። በደጃችን ስታልፍ ክላክሷን እሰማና እጄ በሩን ሊከፍት ይሄዳል። አልጋህን ከመስኮቱ ሥር አላነሳሁትም። እናቴ ከቡሬ መጥታ ከእኔ ጋር ናት፤ ካንተ ሞት ወዲህ ጉልበቷ ደክሟል፣ ስምህን ስታነሳ እንደ ወለደችህ ነው የምታለቅስ።

ያ ኩባ ተምሮ የመጣው መምህር ፍኖተ ሰላም የገባ ጊዜ ትዝ ይልሃል? እኛ የባህል ቡድኑ ልጆች ከእስክስታ ሌላ አናውቅም። በእኛ አገር ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው ይጨፍራሉ እንጂ አይነካኩም። እሱ ግን ባሌት የሚሉትን የፈረንጅ ጭፈራ ላስተምራችሁ፣ ወንዱ ሴቷን ከራሱ በላይ ያንሳት አለ። ሁሉም ሸሸ። ከቡድኑ ባልና ሚስት እኛ ብቻ ስለነበርን ነገሩ እኛ ላይ ወደቀ። ሁለት ዓመት ለፋን። ከበረታችሁ አዲስ አበባ ወስጄ በቴአትር ቤት ባለሙያዎች ፊት አስፈትናችኋለሁ ብሎ ነበር።

አንተ ግትሩ፣ ክንድህ እንዲጠና ብለህ ቤት ውስጥ የበቆሎ ጆንያ ስታነሳ ከረምክ። መምህሩ ሲሰማ ሳቀብህ። ጆንያ አይተነፍስም አለ። የምትነሳዋ ሴት ግን ከሚያነሳት ወንድ ጋር አብራ ትተነፍሳለች፣ ከጉልበቷ ሸብረክ ብላ ትነሳለች፣ ወገቧን ታጠብቃለች፣ ዐይኗን ከመሬት ታነሳለች። የሸክሙ ግማሽ የእሷ ነው አለ። ከዚያ ወዲያ ትንፋሻችን አንድ ሆነ። ወገቤን ስትይዝ መቼ እንደምታነሳኝ ከጣትህ አውቅ ነበር። ከላይ ሆኜ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሳይ በዕድሜዬ የምወድቅ አይመስለኝም ነበር።

ከፈተናው በፊት ቡሬ ላይ ለሕዝብ አሳዩ ተባልን። እናቴ ከፊት ተቀምጣለች። አነሳኸኝ። ቀሚሴ ከጉልበቴ ገለጥ ሲል ታወቀኝና ዐይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። እፍረት ገደለኝ። ቀሚሴን ልይዝ ጎንበስ ስል ክብደቴ ሁሉ ባንዴ መጣብህ። እኔ እንዳልጎዳ ብለህ በጀርባህ ወደቅህ።

ሰው ሲሰበሰብ እግሬ ከዳኝ አልክ። ቤት ገብተን የነጠላውን ነገር ነግሬህ እውነቱን ልናገር ብልህ ተቆጣኸኝ። እማማ ከሰሙ እኔ ነኝ የጣልኳቸው ብለው ዕድሜ ልካቸውን ይቆጫሉ፣ ሆድ ይፍጀው አልክ። ወገብህ ከዚያ ወዲያ ሰው ማንሳት አልቻለም፣ ፈተናውም ቀረ። ባጃጅ ይዘህ በዋናው መንገድ ስትመላለስ ገበያተኛው እግሩ የከዳው እያለ ሲቀልድብህ አብረህ ትስቅ ነበር። እኔ አጠገብህ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ያንተ ዝምታ ለእናቴ ነበር፤ የእኔ ግን ፍርሃት ነው። ይቅር በለኝ።

ጉበትህ ሲታመም የማንሳቱ ተራ የእኔ ሆነ። ክንድህን አንገቴ ላይ ታደርግና እንደ ድሮው አየር ስበህ አብረኸኝ ትነሳ ነበር። ያ ሁሉ ሕመም እያለብህ ቀለል ትልልኝ ነበር። የመጨረሻዋ ቀን ጠዋት ፊትህን ላጥብህ ብዬ እጄን ከጀርባህ አስገባሁ። ትንፋሽህን ጠበቅሁ። አልመጣም። ከበድከኝ፣ ይበልጣል። መምህሩ ስለ ጆንያው ያለው ያን ጊዜ ገባኝ። መልሼ አስተኛሁህና ጎረቤት ሳልጠራ ብዙ ቆየሁ።

አሁን በአዳራሹ ልጆች አሠለጥናለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ጓደኛውን ሲያነሳ ተንገዳገደ፤ ሌሎቹ እንደ ይበልጣል እግርህ ከዳህ ብለው ሳቁበት። ከበሮውን አስቆምኩ። ቡሬ ላይ የይበልጣል እግር አልከዳውም፣ ወደ መሬት አይቼ የጣልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። አንዷ ልጅ መሬት ላይ ምን እንዳየሁ ጠየቀችኝ። ደንግጬ ነው አልኳት።

ቤት ስገባ እናቴ በረንዳው ላይ ያንተን ጋቢ ስታጣጥፍ አገኘኋት። ወሬው ደርሷት ብትጠይቀኝም ለእሷም መልሴ ያው ነው፤ ደንግጬ ነው። ስምህን መልሼልሃለሁ። ስለ ነጠላው ግን እስክቀበር ከአፌ አይወጣም፤ አንተን የማስብህ እንዲህ ነው። የሸክሙ ግማሽ የእኔ አይደል?

ያንተው ትርንጎ