ልብስ ሰፊዋን የከሰስኩበት ምክንያት

ልጄ፣ መንገድህ ይቅና፤ ክፉ ዓይን አይይህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ እሱን ግን ከተከራያችን ሰምተሃል።

ይህችኑ ተከራያችንን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ከጓሮው ክፍል ላስወጣት ነበር። ቁልፉን ልቀይር ስል ማመልከቻ ጸሐፊው፣ "እማማ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካስወጧት ተከሳሿ እርስዎ ይሆናሉ" አለኝ። ስለዚህ በጽሑፍ አስጠነቀቅኳት፤ ቀኑ ሲያልፍ ከሰስኳት። መጥሪያው ደረሳት። በቀጠሮው ቀን ክንዴን ይዛ የፍርድ ቤቱን ደረጃ ያወጣችኝ ግን እሷው ናት።

ዳኛዋ፣ "ኪራይ አልከፈለችም?" አለችኝ።

"ኧረ ቀን አታሳልፍም።"

"ቤቱን አበላሸች?"

"የሚያፈሰውን ጣሪያ ያስደፈነችው እሷ ናት።"

"ታዲያ ምን በድላዎት ነው?"

አመለጠኝ። "ልጄ የሚደውለው ለእሷ ነው!"

ችሎቱ በሙሉ ሳቀ፤ ልብስ ሰፊዋ ብቻ አልሳቀችም። መዝገቡ ተዘጋ። ስንወጣ፣ "እማዬ፣ እኔን የሚጠይቀኝ እኮ ስለ እርስዎ ነው" አለችኝ። "እማዬ" ማለቷ ደግሞ የባሰ አንገበገበኝ!

ዓይኔ ስለደከመ ይህንንም የምትጽፍልኝ እሷው ናት። ይኸው አሁን ትስቃለች።

በሰው አገር ሰው አያሳጣህ። ስትደውል ግን መጀመሪያ ለእናትህ። ይህችን ቃል ሳትቀንሺ ጻፊ ብያታለሁ።