ጄኔሬተሩ ዝም ያለ ሰሞን

ለምወድሽ እህቴ ለይመኙሻል፣

እንደምን ሰነበትሽ እትዬ? ጾሙን እንዴት ያዛችሁት? ጉልበትሽ የደብረ ብርሃንን ብርድ ቻለው? ልጅሽ ኬብሮን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ እያለች ከትምህርት ቤት ትቀራለች? አባባስ? ስለ ዓይኑ ጽፈሽልኛል፤ እኔ የምጠይቅሽ እንቅልፉን፣ ምግቡንና ጨዋታውን ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው።

ሐኪሙ ከክረምት በኋላ ብርሃን አያይም ማለቱን፣ አባባም «ልክየለሽን ለፋሲካ አምጡልኝ፤ ፊቷን ልየውና ይጨልም» ማለቱን የጻፍሽበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ሥራዬ ሊያልቅ ትንሽ ስለቀረው እመጣለሁ ብዬ ልኬብሽ ነበር። አሁን የምጽፍልሽ እንደማልመጣ ነው። ምክንያቱን እስከ መጨረሻው አንብቢና ከዚያ ተቆጪኝ።

ለጎረቤት «እህቴ ሀርጌሳ አይጥ ትጠብቃለች» እንደምትይ ሰምቻለሁ። ብዙም አልተሳሳትሽም። ፍልፈሎች ናቸው፤ ፀጉር የላቸውም፤ ዕድሜያቸውን ከመሬት በታች ነው የሚጨርሱት። የጥናቴ ጥያቄ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ እንስሳ የሚነቃበትንና የሚተኛበትን ሰዓት በምን ያውቃል የሚል ነው። ለዚህ ስል 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ከተከራየሁት ቤት አንዱን ክፍል መስኮቱን በብሎኬት አስደፈንኩት። አከራዬ ዓሻ በዚህ አገር ጦርነት ጊዜ ጅጅጋ በስደት ሳለች የተማረችው አማርኛ አላት። ግንበኛውን ስታየው «ወላሂ አንቺ ጤና የለሽም! አገሩ ሁሉ ከጦርነቱ በኋላ መስኮት ያስከፍታል፣ አንቺ ታስደፍኛለሽ!» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ ስኳር ድንች ይዤ የምገባበት ሰዓት እንዳይለመድ በየቀኑ አዛባዋለሁ። ስለዚህ እኔም ሰዓት የለኝም። ከሰፈሩ ርቄ አልሄድም፤ ቀጠሮ አልይዝም፤ ከእኔ በቀር ወደዚያ ክፍል የሚገባ የለም። ዓሻ እንኳን ልትመግባቸው፣ ጥርሳቸውን ካየች ወዲህ በበሩ አታልፍም። እንዲያም ሆኖ ደስተኛ ነበርኩ። በጨለማው ውስጥ ሁሉም በየቀኑ አመሻሽ ላይ አንድ ላይ ይነቁ ነበር። ሰዓቱ ደማቸው ውስጥ ነው አልኩ። አዲስ አበባ ያሉት አለቃዬ ፕሮፌሰር ሕዝቅኤልም በስልክ እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ።

ባለፈው ወር የጎረቤታችን የዒሴ እናት ቦረማ ከተማ አረፉ። ለሰፈሩ መብራት የሚሸጠው ዒሴ ነው፤ ጄኔሬተሩን በየምሽቱ ለመግሪብ ሶላት ሲጠራ ያስነሳል። ሲጠሩት የሞተሩን ቤት ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ እንደያዘ ለቀብር ሄደ። እናቱን ለሚቀብር ሰው ስለ አምፖል የሚያነሳ ስለሌለ ሁሉም ፋኖሱን አወጣ። በዚያ ሰሞን ፍልፈሎቼ ተበታተኑ። አንዱ ጠዋት ይነቃል፣ አንዱ ቀትር ላይ፣ ሌላው ሁሉም ሲተኛ ይሮጣል። ታመው ይሆናል ብዬ ተጨነቅኩ። ዒሴ ከለቅሶ ተመልሶ ሞተሩን ሲያስነሳ እኔ ክፍሉ ውስጥ ተንበርክኬ ነበር። ወለሉ ከመዳፌ ሥር ተንቀጠቀጠ። ውለው አድረው እንደ ድሮው አንድ ላይ መንቃት ጀመሩ። ለካ ሰዓታቸው የሞተሩ ንዝረት ነበር። ብርሃኑን ስደፍን መሬቱን ረስቼዋለሁ እትዬ። ያን ድምፅ በየምሽቱ ከመልመዴ የተነሳ መስማት ትቼ ነበር።

ለፕሮፌሰሩ ደውዬ ነገርኳቸው። «የሰማሽ አለ? ፍልፈሎቹ መጥተው አይመሰክሩብሽም፤ ጨርሺና አባትሽ ጋ ሂጂ» አሉኝ፤ ለእኔው አዝነው ነው። ያን ቀን እሺ ልላቸው ነበር። የአባባን ፊት አስቤ አፌ ድረስ መጣ። ግን ያላወቅሁትን አውቄያለሁ ብዬ ጽፌ ፊቱ ብቀርብ፣ እሱ ውሸቴን ባያየውም እኔ አየዋለሁ። እንደገና እጀምራለሁ አልኳቸው። መስከረም ካልጠባ አያልቅም።

ዓሻ ከከተማው ዳር፣ ጄኔሬተር የማይሰማበት፣ ከጦርነቱ ጀምሮ ባዶ የኖረና ዘንድሮ ቆርቆሮ የለበሰ የወንድሟን ቤት ሰጥታኛለች። «እዚያም መስኮቱን ልትደፍኚ ነው?» አለችኝ፤ አዎ ስላት በዚህ ጊዜ አልሳቀችም። በሚቀጥለው ሳምንት ፍልፈሎቹን ይዤ እገባለሁ።

ኬብሮንን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ሆዷን የሚያማት ሰኞ ሰኞ ብቻ ከሆነ እንደነቃሁባት ንገሪያት። ባለቤትሽን ጋሼን እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ በይልኝ። አንቺ ደግሞ የእኔንም ድርሻ ብቻሽን ስለተሸከምሽ እግርሽን እስማለሁ።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። መንገድ ተዘጋባት ወይም አለቆቿ ከለከሏት ብለሽ እንዳታባብይው፤ ውሸት ድምፅሽ ላይ ያውቃል። በሩን የቆለፈብኝ ሰው የለም በይው። ቁልፉ እኔው ኪስ ውስጥ ነው።

እህትሽ ልክየለሽ
ሀርጌሳ፣ መጋቢት 12 ቀን 1992 ዓ.ም.